ባኮ ላይ የተለካው አየር

ጉታ፣

ከሸነን ስትመለስ መኪናህን በር ላይ ታገኛታለህ። እኔ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ባኮ ሄጃለሁ።

ትናንት የሞተሩን የአየር መለኪያ ከፈትኩት። ነዳጅ የሚረጩትን ትልልቆቹን ኢንጄክተሮች ባኮ ላይ ስገጥም የመለኪያውን ሞላ በጥርሱ መዘውር ሦስት ጥርስ ብቻ አጥብቄ ነበር። ለቆላው ልክ ነው። ደጋ ላይ ግን አየሩ ይሳሳል፣ ነዳጁ ይበዛል፣ ሞተሩ ይታፈናል። አሁን አምስት ጥርስ ነው። የወንጪን ዳገት ወጣሁባት፤ ጥቁር ጭስ የለም፣ ካንዴላዎቹም ደረቅ ናቸው።

አትነካካው። ባኮ ስትመጣ ራሴ አላላዋለሁ።

በእናትህ ለቅሶ ላይ ወንድምህ ዱጋሳ፣ «መኪናዋ ዳገቱ ላይ ለምን ቆመች?» ሲል፣ «ጉታ ነዳጅ ረግጦ አፍኗት ነው» አልኩት። አንተ መሬት መሬት አየህ።

አዴ ጉዴን ወደ ሆስፒታል ስታመጣ ምንም አላጠፋህም። ዳገት ላይ ሳልሞክራት «በል፣ እናትህን አምጣ» ያልኩህ እኔ ነኝ።

ይህንኑ ለዱጋሳ ጽፌለታለሁ። ደብዳቤው ትራስህ ላይ ነው።

አላሸግኩትም። መጀመሪያ አንተ አንብበው።

በድሉ