ለወንድሜ፣ ስለ አዲሱ አምፕሊፋየርና ስለ ጆሮዬ

ወንድምዓለም፣ እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህስ? ደረጃ ስትወጣ ቀጭ የሚለው ነገር ተወህ ወይስ እንደ ክፉ ጎረቤት አብሮህ ይኖራል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን በወጉ ትውጣለች ወይስ ዛሬም «ደህና ሳለሁ ምን ያደርግልኛል?» እያለች ትራስ ስር ትደብቀዋለች? አባዬስ እንዴት ከረመ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። ዛሬ ይህን የምልህ ከልቤ ነው። ባለፉት ደብዳቤዎቼ «ደህና ነኝ» ያልኩህ ግን ለወጉ ያህል ነበር። አሁን ነገሩ ስላለፈ ልንገርህ፤ አደራ አትቆጣኝ።

የምሠራበት የስፌት አዳራሽ ጩኸቱን ነግሬሃለሁ። የስፌት መኪኖቹ ሲነሱ ጎን ለጎን ተቀምጠን በዓይንና በእጅ ነው የምንግባባው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከባንዱ ጋር ሠርግ ላይ ጊታር እጫወታለሁ። ታዲያ ካለፈው ክረምት ወዲህ የጊታሬ ድምፅ ይለወጥብኝ ጀመር። ቀጭኗን ክር ስመታት ጨርቅ እንደተጠቀለለባት ትታፈናለች፤ ከስሯ ደግሞ ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ የሚመስል እዝ የሚል ነገር አለ። ክሮቹን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ከዚያ ማን ትዝ እንዳለኝ መቼም አይጠፋህም።

አባዬ ወፍጮ ቤት ቆሞ ዘመኑን ሲፈጅ ጆሮው እንዴት እንደሄደ አብረን አይተናል። መጀመሪያ «ሰዉ ሁሉ ማንሾካሾክ ጀመረ» ይል አልነበር? እኔም የሱ ዕጣ ደረሰኝ ብዬ ቁርጤን አወቅኩ። ዘፋኛችን ስትዘፍን ከንፈሯን ማየት ለመድኩ። (ሎሚ ነው የምንላት፣ መድረክ ከመውጣቷ በፊት ሎሚ ካልመጠጠች አይሆንላትም።) ሐኪም ዘንድ መሄድም ፈራሁ፤ አፍ አውጥቶ ከተናገረው እውነት ሊሆን ነዋ! ለባንዱም ትንፍሽ አላልኩ። ስፌቱ እንጀራዬ ነው፤ ጊታሩ ግን፣ አንተው ታውቃለህ፣ ነፍሴ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ሠርግ ላይ፣ ሙሽሮቹ ሊጨፍሩ ብድግ ሲሉ፣ የጊታሬን ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየሬ አንዴ አስነጠሰና ጭጭ አለ። የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። የሙሽራው አጎት ወጥ አረረ ብለው ወደ ማዕድ ቤት ሮጡ። አዎ ወንድምዓለም፣ ያንተው ስጦታ ነው፤ ስንለያይ በትከሻህ ተሸክመህ አውቶብስ ድረስ ያመጣህልኝ። አልዋሽህም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ አለቀስኩ።

የባንዱ መሪ፣ ሼባው የምንለው ኪቦርድ ተጫዋች፣ ሳምንት ሳይሞላ አዲስ አስመጣልኝ። መለማመጃ ክፍላችን ውስጥ ከካርቶኑ ሲወጣ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል። ቁመቱ ካሮጌው ስለሚያንስ «ይቺ ናት የሠርግ አዳራሽ የምትሞላው?» ብዬ ንቄያት ነበር፤ ሳነሳት ግን ወገቤን አስባለችኝ። ማዞሪያዎቿ አይንገዳገዱም፤ በጣት ሲነኳቸው እሺ ባይ ናቸው። ገመዱን ሰክቼ ማብሪያዋን ተጫንኩ። ቀይ መብራት በራ፤ ድምፅ የለም። ገና ከመምጣቷ ተበላሸች ብዬ ክው አልኩ። ድራም መቺያችን ነጎድጓድ ይባላል፤ ስሙ ለሹፈት ነው እንጂ ሲያወራ ጆሮ ካላስጠጉ አይሰማም። እሱ ከጥግ ሆኖ «በርቷል እኮ፤ ምቺው» አለኝ።

ቀጭኗን ክር መታሁ። ምን ልበልህ! ጠራች! ክፍሉን ዞረች፣ እየቀጠነች ሄደች፣ እኔም እስከ መጨረሻዋ ተከተልኳት። ስታበቃ አበቃች፤ ከስሯ ንብ የለ፣ ምን የለ። ጸጥታው ውስጥ ታች መንገድ ላይ የሎተሪ አዟሪው ሲጣራ ሰማሁ። ጊታሩን እንዳቀፍኩ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«አሮጌው ያንኮራፋ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ። ሎሚ ጫማዋን አየች። ሼባው ጉሮሮውን ጠረገ። በመጨረሻ ነጎድጓድ «ዓመት ሊሆነው ነው» አለ። ታዲያ ለምን አትነግሩኝም ስላቸው ሎሚ «የወንድምሽ ስጦታ ነው፤ በምን አፋችን? ደግሞ እንዲያ ሲያጉረመርም ደስ የሚልሽ መስሎን» አለችኝ። ይሉኝታ ሊገድለኝ ነበር! እኔ ጆሮዬን ስደብቃቸው እነሱ አምፕሊፋየሬን ሲደብቁኝ ከረምን። የሆድ የሆዴን ስነግራቸው ሁሉም ሳቁ፤ ሼባው ግን አልሳቀም። «ሰኞ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ፤ የምወስድሽም እኔ ነኝ» አለ። ወሰደኝም።

ሐኪሟ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ብዙ አስጮኸችብኝ። ቀኙ ምንም አልሆነም። ግራው ለቀጭን ድምፅ ትንሽ ደክሟል። «ከሥራው ነው፤ ካሁኑ ከጠበቅሽው እዚያው ይቆማል» አለችኝ። አሁን መኪና ላይ ስቀመጥ ጆሮዬን እደፍናለሁ። የሄደው ይሂድ፤ በቀረኝ ተመስገን።

ስለ አዲሷ አሽሙር ቢጤም ልጨምርልህ። ሐሜተኛ ናት። አሮጌው ስህተቴን ይሸፍንልኝ ነበር፤ እሷ ጣቴ የሳተውን ሁሉ ለሕዝብ ታወራለች። አከራዬ ግን ወዳታለች መሰለኝ። ድሮ ክፍሌ ውስጥ ስለማመድ ከታች ሆና በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ትደበድብ ነበር፤ ባለፈው ግን ዝም አለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ተሻለሽ?» አለችኝ። ጊታሩን ይሁን እኔን አልጠየቅኳትም፤ «ተሻለኝ» አልኳት።

ያንተውን አምፕሊፋየር ጠጋኙ ከፍቶት የስፒከሩ ወረቀት ተተርትሯል አለኝ። አልጣልኩትም፤ አልጋዬ አጠገብ ነው። ይጠገን ወይስ ይረፍ፣ አንተ ፍረድ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖልኛል። ልጆቹን፣ ጥርሶንና ድንቡሼን፣ ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለእማዬ ወሬውን ከመጨረሻው ጀምረህ ንገራት፤ ከመጀመሪያው ከነገርካት ግፊቷ ይነሳል። ለአባዬ ግን በጆሮው አትጩህበት፤ ወረቀት ላይ በትልልቁ «ጆሮዋ ደህና ነው» ብለህ ጻፍና አሳየው። ሳይናገር ሲሰጋልኝ እንደኖረ አውቃለሁ። ስሰናበተው ሁላችሁም መንገዱን ስትመርቁልኝ እሱ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከስፌት መኪናው ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ልጄ።»

እህትህ
ከስፌት አዳራሹ ማዶ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 11 ቀን