የቀኝ ዓይኔ ሌንስ

መጋቢት 3
እንደ ሁልጊዜው። ሒሳብ፣ ስፖርት፣ ድካም። በመነጽር ፈንታ ዓይኔ ላይ የምለጥፈውን ሌንስ ሳላወልቅ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አመሸሁ... ዓይኔ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። «ቀልቷል እኮ! አውልቂው» ትለኛለች ጭራዬ። ታናሽ እህቴን ማለቴ ነው። የሄድኩበት ሁሉ ስለምትከተለኝ ጭራዬ እላታለሁ። አሥር ዓመት ሳይሞላት መካሪ! መነጽር አድርጌ ክፍል ከምገባ ዓይኔ ደም ይምሰል።

መጋቢት 4
የቀኙ ሌንስ የለም!! ማታ እንቅልፍ እያዳፋኝ ሁለቱንም አውልቄ መታጠቢያ ቤት ያለው ማስቀመጫቸው ውስጥ ከትቻለሁ። ጠዋት ስከፍተው የግራው ብቻ። መታጠቢያ ቤቱን የወለወለችው ማን ናት? ጭራዬ።
«አልነካሁም፣ እማዬ ትሙት!»
«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ?»
ሌባ አልኳት። ሁለተኛ በዚህ እጅሽ ዕቃዬን እንዳትነኪ አልኳት። እማዬም «እውነቱን እስክታወጪ የትም አትሄጂም» ብላ የክፍላቸውን ጉዞ ከለከለቻት። ሐይቅ ሊያዩ ነበር። ይበላት።

መጋቢት 7
ትርፍ ሌንስ አድርጌያለሁ። ቀኙ ያቃጥላል። ጭራዬ መስኮቱ ጋ ቆማ የጉዞው አውቶቡስ ሲያልፍ አየች። አላለቀሰችም። ምን ዓይነት ግትር ናት? ብታምን ምን ነበረበት?

መጋቢት 9
ጠዋት ብርሃን ማየት አቃተኝ። እማዬ ደንግጣ ሁለታችንንም እየጎተተች ሐኪም ቤት።
ሐኪሟ ትርፉን ሌንስ አወጣች። ከዚያ የላይኛውን የዓይኔን ቆብ ገልብጣ መብራቷን አስጠጋች።
«እዚህ ሌላ ሌንስ አለ።»
ሌላ? ምን ማለት ነው ሌላ?
በመቆንጠጫ ሳበችው። ታጥፎ፣ ተጨማዶ፣ ዓይናር ለብሶ... ወጣ። ከራሴ ዓይን! «ዓይንሽ በጣም ደርቋል። ተጣብቆ ወደ ላይ ሸሽቶብሽ ነው፤ ያወለቅሽው መስሎሻል» አለች። የዓይኔ ጥቁሩ ክፍል ላይ ጭረት አለ አለች። ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ... ብላ አልጨረሰችውም።
እማዬ አፏን ያዘች። ጭራዬ ሳህኑ ላይ ያለውን ሌንስ አየችው፣ ከዚያ እኔን። ምነው በሰደበችኝ!

መጋቢት 10
አሁንም አላመንኩም። አምስት ቀን ሙሉ ዓይኔ ውስጥ ይዤው ስዞር... ልጅቷን ሌባ ስላት...
«ይቅርታ» አልኳት።
«እሺ።»
በቃ፣ እሺ ብቻ። እማዬ ሐይቁን በሌላ ቀን አሳይሻለሁ ብትላት «ከክፍሌ ልጆች ጋር ነበር እኮ» አለቻት።

መጋቢት 14
በመነጽር ክፍል ገባሁ። ማንም አልሳቀም። አብዛኞቹ ልብም አላሉ። ያ ሁሉ ለዚህ ነበር?
ትምህርት ቤት ስሄድም ስመለስም ብቻዬን ነኝ። ጭራዬ ቀድማኝ ትወጣለች።
ማታ የዓይን ጠብታው አልሆንልኝ አለ። ጉንጬ ላይ ይፈሳል። «እባክሽ አንቺ ጨምሪልኝ» ብዬ ጠርሙሱን ዘረጋሁላት። ሁለቱንም እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች።
«ዕቃሽን አልነካም።»
ቁጣም የለባት። ረጋ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ «እማዬ፣ ነይ ጠብታዋን ጨምሪላት» ብላ ተጣርታልኝ ወጣች።