ሦስት መቶኛው ሰው

ለተወደድከው ወንድሜ ለደረሳ ጉሉማ
ወንጂ

አካም ጂርታ ወንድምዬ? ጤናህ እንዴት ነው? የሸንኮራው ቆረጣ ወገብህን አልጎዳውም ወይ? ወባውስ ተወህ? ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ ጓደኞችህ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ በጌታ ቸርነት ደህና ነን። ደህና ብቻ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል። ተቀመጥና አንብብ፤ መንደራችን ቡርቃ አውቶቡስ ገባ!

ከሰኔ ጀምሮ እማዬን እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ያልጻፍኩልህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነውና ይቅር በለኝ። ነቀምቴ ሆስፒታል መድረስ ነበረባት። አምስት ሰዓት በእግር አትችልም፣ በቅሎ ላይ መቀመጥም አቃታት። በቃሬዛ እንውሰድሽ ስንላት ደግሞ፣ ከቤቴ ተጋድሜ የምወጣው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ገና ነው ብላ እምቢ አለች። ግትርነቷን ታውቀዋለህ፤ ላንተም ያወረሰችህ እሱን ነው።

አባባና የመንደሩ ሹም ቆሮ ባቻ ነቀምቴ ሄደው አቶ ኃይለጊዮርጊስን ለመኑ። በጊምቢ መንገድ አውቶቡስ የሚያመላልሰው የጉራጌ ነጋዴ ነው። እስከ ዋናው መንገድ ያለውን እኛ ቆፍረን እንጠርጋለን አሉት። እሱ ግን፣ ሦስት መቶ ሰው ለሌለበት መንደር መኪናዬን ጭቃ ውስጥ አልነክርም፣ ቆጥራችሁ ጽፋችሁ አምጡ አላቸው።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ቆጣሪ አደረጉኝ። ደብተሬን ይዤ ብወጣ ግን በር የሚከፍትልኝ ጠፋ። ሰው፣ ያውም ልጅ፣ ይቆጠራል እንዴ? መዓት መጥራት ነው አሉ። ጎረቤታችን አዴ ጸሐይወርቅማ፣ በልጆቼ ላይ ጣትሽን ብትቀስሪ ወዮልሽ ብላ ዱላ አነሳችብኝ። ሁለት ቀን በከንቱ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ልኩራና፣ መላ መጣልኝ። ሰው አልቆጥርም አልኳቸው፤ እያንዳንዱ ቤት በነፍስ ወከፍ አንድ ፍሬ በቆሎ በቅል ያምጣልኝ፣ በቆሎ ብቆጥር ማን ይጎዳል? አምሳ ሦስቱም ቤት እየሳቀ አመጣ። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰሌን ላይ ዘርግቼ ብቆጥር ልክ ሦስት መቶ! እልልታው እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ቤት ያለነው ስድስት ሆነን ሳለ የእኛ ቅል ሰባት ፍሬ ነበረበት። እማዬን ብጠይቃት፣ ደረሳን ከዚህ ቤት ማን አወጣው ብላ አፈጠጠችብኝ። እኔም ሦስት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ነቀምቴ ሄጄ ወረቀቱን ሳስረክብ ግን ኅሊናዬ አላስችል አለኝና ለአቶ ኃይለጊዮርጊስ እውነቱን አፈረጥኩት። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነን፣ ሦስት መቶኛው ወንጂ ሸንኮራ ይቆርጣል አልኩት። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። እኔንም አገሬ ላይ የምትቆጥረኝ እናት አለችኝ፤ ደግሞስ አውቶቡስ የሚሳፈረው ቤቱ የተቀመጠው ነው ወይስ የሄደው? አለና በየቅዳሜው እልካለሁ ብሎ ቃል ሰጠኝ።

ሦስት ሳምንት ወንድ ሴት ሳንል ቆፈርን። መዳፌ እንደ ወንድማችን መርጋ መዳፍ ሻክሯል፤ ባል የሚፈልገኝ ካለ እንግዲህ ይወቀው። በጥቅምት መጨረሻ ቅዳሜ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከሾፌሩ ጎን ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ያን አምስት ሰዓት በአንድ ሰዓት ጨረስነው። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት አስተኝቶ አከማት። ስትመለስ ማንም ሳይደግፋት በራሷ እግር ወረደች። እኔ በሰው ፊት አለቀስኩ፣ አላፈርኩምም።

አባባ ጉልበትህን ጌታ ይጠብቅልህ ይልሃል። መርጋና ሚስቱ ሎሚ በጣም ናፍቀሃቸዋል። ልጃቸው አዱኛ ገና አያውቅህም፣ ግን ስምህን መጥራት ጀምሯል። እማዬ ሰላምታ አልላከችም። ቅዳሜ ቅዳሜ ምርኩዟን ይዛ አውቶቡሱ የሚቆምበት ድረስ ትሄዳለች፤ ሰላምታዬን እዚያው በአፌ እሰጠዋለሁ ብለሽ ጻፊለት ብላኛለች።

እህትህ ድርቤ ጉሉማ
ቡርቃ፣ ነቀምቴ አውራጃ፣ ወለጋ
ኅዳር 28 ቀን 1961 ዓ.ም.