ስለ አንዲት የጋን ክዳን ለባላምባራስ አድማሴ

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ ባላምባራስ አድማሴ፣
የእንግዳ መቀበያና የመንገድ ዳር ትርዒት ሹም፣
ወረታ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የቤትዎ ሰዎች፣ በቅሎዎ፣ እንዲሁም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ያቆሟት የሲሚንቶ ላምዎ በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን ባነሣ ግን እጄ አልታዘዝ ስላለኝ፣ ከሰላምታው ግማሹን ብቻ ልኬልዎታለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአውቶቡስ ማቆሚያው ግድግዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ። ከዚህ በፊት አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች እንደታሸጉ በጠረጴዛዎ ላይ መክረማቸውን ዘበኛዎ አለኸኝ በአክብሮት ስለነገረኝ፣ ክቡርነትዎን ፖስታ ከመቅደድ ድካም ላሳርፍ ብዬ ነው። መንገደኛው ሁሉ ካነበበው ደግሞ ከመካከላቸው አንዱ ለእርስዎ ማውራቱ አይቀርም።

ማን እንደሆንሁ ዘንግተውኝ ይሆናል። የቁሐር ሚካኤል መሪጌታ አያልነህ ነኝ፤ ከላሟ አጠገብ በሣንቃ ላይ ተሥላ የቆመችው ሙሽራ አባት። አቤቱታ በቁጥር ተለይቶ እንዲቀርብ የጽሕፈት ቤትዎ ደንብ ያዛልና እንደ ደንቡ አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ላሟ። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች መሆኗን አስበው በሲሚንቶ ማሠራትዎን ሳላመሰግን አላልፍም። እውነተኞቹ ላሞች ሜዳውን ሞልተው ከኋላዋ ሲግጡ፣ እንግዳው መኪናውን አቁሞ የሲሚንቶዋን ፎቶ እንዲያነሣ ማድረግ ቀላል ችሎታ አይደለም። ሰማያዊ የተቀባችበትን ምክንያት ግን ከብት ሲያረቡ የኖሩት ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ሊደርሱበት አልቻሉም። ደረሰ የተባለው ጎረቤቴ፣ እናቱ የሞተችበት ጥጃው ከሥሯ ገብቶ አልነሣ ቢለው በገመድ ጎትቶ ወስዶታል። ጥጃው ወተት ባያገኝም በብዙ እንግዶች ፎቶ ውስጥ ገብቷልና ባለቤቱን ተጽናና ብዬዋለሁ።

፪ኛ/ ስለ ግንቡ። እንግዳው ጎንደር ድረስ መሄድ ቢሰለቸው እዚሁ አይቶት እንዲመለስ በማሰብ ከጭቃና ከጭድ ያሠሩት ትንሹ የጎንደር ግንብ፣ አህያ ታክካበት አንዱ ማማ ተንዷል። በቀሩት ክፍሎች ዶሮዎች ሰፍረውበታል፤ በቅርቡም ጫጩት ፈልፍለዋል። ባዶ ከሚቀር ይሻላልና በዚህም ቅሬታ የለኝም።

፫ኛ/ ስለ ሣንቃው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንዲታገሡኝ እለምናለሁ። አምና በግንቦት የጎንደሩ ሠዓሊ ወልደ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል ሊያድስ መጥቶ ሳለ፣ ክቡርነትዎ አስጠርተው ለመንገደኛ የምትታይ የፎገራ ሙሽራ በሰፊ ሣንቃ ላይ እንዲሥል አዘዙት። እርሱም ምሳ ስታመላልስለት ያያትን ልጄን እናኑን ለሥዕሉ ትቁምልኝ ብሎ ለመነኝ። እኔ የመሪጌታ ልጅ መንገድ ዳር አትቆምም ብዬ እንቢ ብዬ ነበር። እናኑ ግን አባብላ፣ ጉንጬን ስማ፣ ስቃ አሸነፈችኝ፤ በዚያች ልጅ ተሸንፌ ያልተደሰትሁበት ቀን የለም። የእናቷን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ድሪዋን አጥልቃ፣ ሹሩባ ተሠርታ ቆመች። ሳቋን መያዝ እያቃታት ሠዓሊው ደጋግሞ ይቆጣት ነበር፤ በመጨረሻ እርሱም ሳቀና ከንፈሯን ሊስቅ እንደተቃረበ አድርጎ ሣለው።

ክቡርነትዎ ቤተ ክርስቲያን በመጡ ጊዜ ግድግዳውን ተመልክተው ከሆነ፣ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ አጋንንት ግን በጎን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ያውቃሉ። ወልደ ሥላሴ ዕድሜውን በዚህ ሥርዓት የኖረ ሰው ነውና እናኑን በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት ሣላት። ሥዕሉ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ሲቆም ያየ ሁሉ ልትናገር ነው እንዴ ይል ነበር።

በጥቅምት፣ የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ሲሸሽ የሚመጣው ንዳድ ልጄን በሳምንት ውስጥ ወሰደብኝ። ሠርጓን ለጥር ቀጥረንላት ነበር። ፎቶ ተነሥታ አታውቅም፤ በእኛ ቤት ፎቶ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ከእርሷ መልክ በዚህ ዓለም የቀረን የእርስዎ ሣንቃ ብቻ ሆነ፤ ስለዚህም በዚያን ወራት ክቡርነትዎን የመረቅሁት ምርቃት እውነተኛ ምርቃት ነበር፤ መልሼ አልወስደውም።

ባለቤቴ ጸሐይነሽ በገበያ ቀን ሸክሟን አውርዳ ከሣንቃው ፊት ትቀመጥ ነበር። ዘበኛዎ አለኸኝ የምትቀመጥበት ድንጋይ አንከባሎ አምጥቶላታል፤ ይህን ያደረገው ከጽሕፈት ቤቱ ትእዛዝ ሳይቀበል ስለሆነ ጥፋት ከሆነ ይቅር ይበሉት። ቤት ስትመለስ ዛሬ ደህና ዋለች ትለኝ ነበር። እኔም እሰይ እላታለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

በጥር ወር ክቡርነትዎ ከአንድ እንግዳ አዲስ ነገር ሰሙ። በባሕር ማዶ መንገድ ዳር የሚቆሙ ሥዕሎች ፊታቸው ላይ ቀዳዳ እንዳላቸው፣ መንገደኛውም ከኋላ ሆኖ የራሱን ፊት በቀዳዳው እያስገባ ፎቶ እንደሚነሣና እንደሚስቅ ተነገርዎት። ወረታ ከባሕር ማዶ እንዳታንስ ተቆርቁረው በማግሥቱ አናጢ አዘዙ። የአናጢው ጥንቃቄ በእውነት የሚመሰገን ነው፤ ድሪዋ ሳይነካ፣ ቀሚሷ ሳይበላሽ የልጄ ፊት ብቻ በመጋዝ ክብ ሆኖ ወጣ። እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው ሥዕሎች ሁሉ ሠዓሊ ለሰይጣን እንኳ አንድ ዓይን ሳይተውለት የቀረበትን አላውቅም። የእናኑን ሁለቱንም ለመውሰድ የእርስዎ ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያው ነው።

ለጸሐይነሽ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። እኔም አልሰማሁም ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እንደ ልማዷ በመንገዱ ስትመጣ ከሩቅ ሣንቃውን አየች፤ የሙሽራይቱ ዓይን ይርገበገባል፣ ከንፈሯ ይስቃል። አንዲት የውጭ አገር ሴት ፊቷን በቀዳዳው አስገብታ ባሏ ፎቶ ሊያነሣት ኖሯል። ጸሐይነሽ ሸክሟን ጥላ እናንዬ፣ እናንዬ እያለች ሮጠች፤ ያንን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ጉንጩን ሳመችው። የሌላ ሰው ልጅ መሆኑን ያየችው ስማ ከጠገበች በኋላ ነው። ሴቲቱ ክፉ አልሆነችም፤ የአገሩ ሰላምታ መስሏት ደስ ብሏት ሳቀች፣ ባሏም ፎቶውን አነሣ፣ ለጸሐይነሽም በመዳፏ ከረሜላ አስቀመጠችላት። ይህን ሁሉ የነገረኝ አለኸኝ ነው። ጸሐይነሽ ቤት ገብታ መዳፏን ከፍታ ይህን ሰጡኝ ብቻ አለችኝ።

ክቡርነትዎ ከዚያ በኋላ ላደረጉልን ሁለት ነገሮች ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጽ አላውቅም። በመጀመሪያ በሣንቃው አናት ላይ የፎገራ እናቶች እንግዳን በመሳም ይቀበላሉ የሚል ጽሑፍ አሰቀሉ። ቀጥሎም ነገሩ እንግዶችን ደስ ስላሰኘ ጸሐይነሽ በየገበያው ቀን እየመጣች እንድትስም መልእክተኛ ላኩባት። ባለቤቴ ይህን ታላቅ ግብዣ ሳትቀበል የቀረችው በንቀት አይደለም። አሁን ገበያ የምትወርደው በረግረጉ ዞራ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ገብታ ነው፤ በእርስዎ መንገድ ላለማለፍ።

አሁን ወደ ጉዳዬ እመጣለሁ። ባለፈው ሰኞ ጸሐይነሽ ምስር እየለቀመች ሳለ ቀና ብላ የእናኑ አፍንጫ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ፊቷ እየጠፋኝ ነው፣ ስፈልጋት የምትመጣብኝ ያችው የሳምኋት ሴት ናት አለችኝ። እኔ ድጓውን በቃሌ የያዝሁ ሰው፣ የአንዲት ልጄን አፍንጫ ግን አላስታወስሁም። ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም በየፊናችን እየፈለግናት ነው፣ አገኘሁ የሚል ግን የለም። ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን በደንቡ መሠረት በስንተኛ ቁጥር እንደሚጻፍ ስላላወቅሁ እዚህ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ያችን የተቆረጠች ክብ እንጨት ብቻ ነው። የት እንዳለች ጠይቄ ደርሼበታለሁ፤ በጽሕፈት ቤትዎ በረንዳ ላይ ክቡርነትዎ ለሚጠጡበት የውኃ ጋን ክዳን ሆናለች፤ ጀርባዋ ወደ ላይ፣ ፊቷ ወደ ውኃው ተደፍቶ። በእጄ ላነሣት ስል ጸሐፊዎ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ያለ ባላምባራስ ፈቃድ አይነካም ብሎ ከለከለኝ፤ ልክ ነው፣ ደንብ ደንብ ነው። ከዋንዛ የተጠረበ፣ ከዚያኛው የሚሻል፣ እጀታ ያለው ክዳን አሠርቼ በምትኩ አመጣለሁ አልሁ። እርሱም ለባላምባራስ ይቀርባል አለኝ። ሣንቃውን አልጠይቅም፣ ቀሚሱንም ድሪውንም አልጠይቅም፤ እንግዳ እንደ ወደደው ይሳቅበት። ፊቷን ብቻ ይስጡኝና ጸሐይነሽ እንደገና ትወቃት።

ለላሟ ረጅም ዕድሜ፣ ለግንቡ ደረቅ ክረምት፣ ለክቡርነትዎም ሰው ሁሉ ፊትዎን አይቶ የሚያውቅዎት መልካም እርጅና እየተመኘሁ፣ ጥምጣሜን ከአንገቴ ጋር ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
መሪጌታ አያልነህ ተክለ ሃይማኖት፣
የእናኑ አባት።

ተጨማሪ ቃል፦ ይህን ጽፌ ሳልለጥፈው፣ ጸሐይነሽ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ሳለ፣ አለኸኝ ክዳኗን በጋቢው ሸፍኖ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ገልብጬ አየኋት። ጋኑ በታጠበ ቁጥር ክዳኗም በአመድና በአሸዋ ስትፈተግ ኖራለች፤ ንጹሕ ነጭ እንጨት ሆናለች። ከዳሯ ጥቂት ጥቁር ነገር ቀርቷል፤ ከሹሩባዋ ይሁን ከእጅ እድፍ መለየት አልቻልሁም። አለኸኝ እኔ ነኝ የማጥባት፣ ሥዕል መሆኑን አላየሁም ብሎ ደጃፌ ላይ አለቀሰ፤ እኔም ያጠብኸው እንድታጥብ ታዘህ ነው አልሁት። ክዳኗን በእርሱው እጅ መልሻለሁ፤ አልተሰነጠቀችም፣ ንብረትዎ አልጎደለም፣ ስለዚህ እንዳይቆጡት።

ደብዳቤውን ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ ነገር ግን ለጸሐይነሽ ዛሬ እለጥፈዋለሁ ብያት ስለነበር ለጠፍሁት። እርሷ ፊደል አልቆጠረችም፣ በዚህ መንገድም አታልፍም፤ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ ሆይ፣ እባካችሁ የመጨረሻውን ክፍል ማንም አያንብብላት። ባላምባራስ ነገሩን እየመረመሩት ነው ብያታለሁ። በየቀኑ መልስ መጣ ወይ ትለኛለች፤ ስትጠይቀኝም ፊቷ ትንሽ ይፈካል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ የጠየቅሁትን ሁሉ ሰርዘው አንዲት ልመናዬን ብቻ ይቀበሉኝ፤ እንደ እስከ ዛሬው ሁሉ፣ እባክዎ መልስ አይስጡኝ።