የበረንዳው ዳማከሴ

ለውድ ወንድሜ ለዮፍታሔ፣

የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ የልደታዋ እናት ትመስገን፣ አለን። ስትደውል ቶሎ የምዘጋብህ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ሁሉን ስለሚሰሙ ነውና አትቀየመኝ።

አባባ ከሐኪም ቤት ወጥተዋል። ቀኝ እጃቸው ገና አይታዘዝላቸውም፣ ንግግራቸውም አልተመለሰም። የታመሙ ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አፋቸው ጠመም ብሎ ነበር። ፀሐይ ላይ ስለቆሙ ምች ነው አልን፤ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። አልን ስልህ፣ ቤት የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸው በረንዳው ላይ ከተከሉት ዳማከሴ ቀጥፌ ግንባራቸውን አሸሁላቸውና እንዲያልባቸው ሸፋፍኜ አስተኛኋቸው።

ሲመሽ ሲብስባቸው ከጎረቤቶች ጋር ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ገና ጎንበስ ሲል ዳማከሴው ሸተተው።

«መቼ ነው የጀመራቸው?» አለኝ።

«ጠዋት» አልኩት።

«ጭንቅላታቸው ውስጥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነበረን። ግን የሚሰጠው ቶሎ ለመጣ ሰው ነው፤ አሁን ጊዜው አልፏል» አለኝ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ዳማከሴውን ነቅዬ ጣሳው ላይ ጽጌረዳ ተክያለሁ፤ በረንዳው አምሮበታል። ስትመጣ የት ሄደ ብለህ አባባ ፊት እንዳትጠይቀኝ።

ጎረቤቶቹ ሁሉ ናፍቀውሃል። አባባም በግራ እጃቸው ሰላም ብለውሃል። በዚሁ እጃቸው ማታ ማታ እጄን ይጎትቱና ግንባራቸው ላይ ያስቀምጡታል። እንደዚያን ዕለቱ እንዳሽላቸው ፈልገው ነው።

እህትህ ቦሰና