ቅያሜ ይነገራል፣ ቂም ይያዛል

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዘጠነኛ "ለ" ክፍል፣ አማርኛ። "ቲቸር፣ ቅያሜና ቂም አንድ አይደሉም?" አለች ዋፊቃ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት፦ ቅያሜ ይነገራል፣ ቂም ይያዛል። "ለምሳሌ?" አለችኝ። ምሳሌ ጠፋብኝ... እውነት ጠፍቶብኝ ነው? ወንድሜ ዘላለም እዚሁ ከተማ፣ አቦከር ሰፈር ነው ያለው፣ በእግር ሃያ ደቂቃ። ካናገርኩት አሥራ አራት ዓመት።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ጎረቤቴ እትዬ ሸምሲያ በር ላይ ያዙኝ።

"ወንድምሽ ጉበቱን ታሟል። ወላሂ፣ አጥንቱ ነው የቀረው። ሂጂ እንጂ፣ አላህን ፍሪ!"

"እሱስ ፈርቶ ነበር?"

እማዬ ስትሞት ባሕር ዳር የመጨረሻ ፈተና ላይ ነበርኩ። "ፈተናዋን ትጨርስ" ብሎ ሞቷን አስደበቀኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተረዳሁ። እናቴን አፈር ሳላለብሳት ቀረሁ። ይሄ ይረሳል?

ሰኔ 29፣ እሑድ

ሄድኩ። ሆስፒታል ተኝቷል። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ...

"ባርኮት ነገ ሐሮማያ ትገባለች" አለ። ልጁ ናት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። እናቷ ከሞተች ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነው አድረው የሚፈተኑት፣ ስልክ አይገባም። "ምናልባት አንድ ነገር ከሆንኩ... ፈተናዋን ትጨርስ።"

ደሜ ፈላ። "እኔ እንዳንተ አልደብቅም!" ብዬው ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ። አልተመለስኩም።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ዘላለም ሞተ።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ቀበርነው። ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደኔ ዞረው ነበር። "ያለሻት አክስት አንቺ ነሽ። መኪና ልከን እናምጣት?" ሐሮማያ ግማሽ ሰዓት ነው። ግማሽ ሰዓት! አስተማሪ ነኝ፣ ፈተና ያመለጠው ልጅ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አባትም እናትም የላት፣ ያላት ትምህርቷ ብቻ...

"ፈተናዋን ትጨርስ" አልኩ። በገዛ አፌ።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ባርኮት ትናንት ማታ ገባች። "አባትሽ ድሬዳዋ ሪፈር ጽፈውለት ሄዷል" ብለን አሳደርናት። ዛሬ ሊነጋጋ ሲል መርዶውን ነገርናት። እትዬ ሸምሲያ ወገቧን ይዘዋታል። ጮኸች፣ ደረቷን መታች። ከዚያ ድንገት ቀና አለች።

"መቼ ተቀበረ?"

"ሐሙስ።"

"ሐሙስ ሒሳብ ላይ ነበርን።" ሁላችንንም አየችን። "ማነው አትንገሯት ያለው?"

አባትሽ ነው ማለት እችል ነበር። ውሸትም አልነበረም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ትከሻዋ ላይ የነበረውን እጄን ቀስ ብላ አነሳችው።

"ሒሳቡ ቀላል ነበር" አለች።

ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ምናለ! ይኸው መሽቷል፣ ሌላ ቃል አልተነፈሰችልኝም።