የጥጉ ቧንቧ

ኅዳር 9፣ 1979

ከሥራ ገባሁ። አውቶቡሱ ዘገየ። መኝታ ቤቱ በረዶ ነው። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ሽማግሌ ሳገላብጥ አድሬ፣ ቀን የምተኛበት ክፍል ይህን ያህል ይቀዝቅዝ? ሎስ አንጀለስ ብርድ የለም ያለው ማነው...

የቤቱ ባለቤት ወርዶ አየልኝ። ምድር ቤት ያሉት የእንፋሎት ቧንቧዎች ራቁታቸውን ናቸው፣ ሙቀቱ እዚያው ይቀራል አለ። ማልበሻ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ግዙ። ቋጣሪ!

ግርማ ሲሰማ ደስ አላለውም። «ምን አስቸኮለሽ? ሲመቸኝ እኔ አለብሰዋለሁ።» አምፖል ለመቀየር ሳምንት የሚፈጅ ባል! እሱ ታክሲውን ይንዳ። እኔው አደርገዋለሁ።

ኅዳር 13

ፋይበርግላስ ገዛሁ። ቢጫ ጥጥ የመሰለ ነገር፣ እንደ ቱቦ ተሠርቶ ጎኑ የተሰነጠቀ። ቧንቧው ላይ አልብሶ በቴፕ ማሰር ብቻ ነው። ውኃውን የሚያፈላውን ቦይለር አጥፍቼ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁና ጀመርኩ። ክንዴን አሳክኮ ሊገድለኝ ነበር፤ ረጅም እጅጌ መልበስ ነበረብኝ። ግን ሠራሁት። ከቦይለሩ እስከ ኋላው ግድግዳ ጥግ ድረስ።

ግርማ ደረጃው ላይ ቆሞ ያየኛል። አያግዝ፣ አይሄድ።

«የጥጉን ተይው» አለ።

«ለምን?»

«እንዲያው... ምድር ቤቱም ትንሽ ሙቀት ይፈልጋል። እርጥበት አለው።»

ግርማ ስለ እርጥበት አስቦ ያውቃል? አለበስኩት።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ከሥራ እንደመጣሁ ወረድኩ። የጥጉ ማልበሻ ወልቋል። ቴፑ አልተቀደደም፤ በቀስታ ተልጦ፣ ማልበሻው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አይጥ ቴፕ አይልጥም። «ሙጫው ለቆ ይሆናል» አለ ግርማ፣ ዓይኔን ሳያይ።

መልሼ አለበስኩት።

ኅዳር 18

እንደገና ወልቋል።

ኅዳር 20

ግርማ የጾም ሽሮ ሥሪልኝ አለኝ። ግርማ! ሁዳዴን ሃምበርገር እየገመጠ የሚያሳልፍ ሰው።

«ልትጾም ነው?»

«ሰው አይለወጥም እንዴ?»

ወደ ሥራ ስወጣ በሰሃን አድርጎ፣ ሸፍኖ አስቀምጦታል። ጠዋት ስመለስ ሰሃኑ ታጥቧል። ከተጋባን ጀምሮ ሰሃን ሲያጥብ አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 24

የጥጉ ቧንቧ ዛሬም ተገልጧል። ላዩ ላይ ካልሲ ሊደርቅ ተዘርግቷል። ግራጫ፣ ተረከዙ የተጣፈ። የግርማን ካልሲ የምገዛው እኔ ነኝ፤ የተጣፈ የለውም። ከቦይለሩ ጀርባ ደግሞ ካርቶን ተጣጥፎ ተሸጉጧል። የሰው ጎን የተኛበት ካርቶን ነው፣ ያስታውቃል።

ጎረቤታችን እትዬ ሽታዬ ጋ ሄጄ አወራኋቸው። ለምን እንዳወራሁ እንጃ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «አንቺ ሌሊት ሌሊት ሥራ ነሽ። እሱ ብቻውን ነው። እንግዲህ...»

«ካልሲው እኮ የወንድ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ብርድ ሴቱም የወንድ ካልሲ ያደርጋል።»

ስቄ ተነሳሁ። ሳቅ ግን አልነበረም።

ሴት ከሆነች... የምትጾም ሴት? በገዛ እጄ ሽሮ እየሠራሁላት?

ኅዳር 27

ዝም ብያለሁ። ከጠየቅሁት ይጠነቀቃል። ኪሱን ፈተሽኩ። የታክሲውን የኋላ ወንበር አሸተትኩ። የሲጋራ ሽታ ብቻ። ምን ዓይነት ሴት ሆንኩ እኔስ?

ታኅሣሥ 2

አየሁት።

ተረኛዋ ቀድማ መጣችልኝና በመጀመሪያው አውቶቡስ ገባሁ። ጎህ ሲቀድ በጓሮ ዞርኩ። የምድር ቤቱ በር ተከፈተ። ወንድ ነው። ጀርባውን ሰጥቶኝ በሩን በቀስታ ይዘጋል። ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ... አባቴ! አልኩ በሆዴ። አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ።

ዞረ። ወንድሜ ክፍሉ ነው።

አፉን ሊከፍት ሲል «እንዳትናገር!» ብዬ ጮህኩ። ሮጬ ገባሁ።

ታኅሣሥ 3

ይጻፍ። ለራሴ ነው።

በዚያ በቀበሌ ዘመን ክፍሉ መሣሪያ ታጥቆ ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር ነበር። ታናሻችን ዳኛቸው ቤት ውስጥ ተደብቋል። እናቴ ስንት ሰው ሲያንኳኳ በሩን አልከፈተችም። አንድ ማለዳ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማች። የክፍሉ ድምፅ። ከፈተች። ጠባቂዎቹ ከኋላው ቆመው ነበር። ዳኛቸው በዚያው ቀረ። የዚያን ሰው ድምፅ ሁለተኛ እንዳልሰማ ማልኩ።

ግርማ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያውቃል!

«ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው ያገኘሁት» አለኝ። «ማን እንደሆነ ሲነግረኝ ጥዬው ልሄድ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሄድክም?»

«ብርድ ነበር፣ ፅጌ። ኮት እንኳ የለውም።»

«ዳኛቸውንም ያለ ኮት ነው የወሰዱት።»

የታክሲውን ቁልፍ እያገላበጠ፣ «እሱ ራሱ ‹አትንገራት፣ ብታባርረኝም እውነቷን ነው› ብሎኛል። ሶ... የመኖሪያ ወረቀቱን እስኪጨርስ ነው፣ ኦኬ? ክሬንሾው ሰፈር አንድ ፓርኪንግ ላስቀጥረው እየሞከርኩ ነው» አለ።

«እስከ ገና» አልኩ። «ከዚያ ይውጣ። እስከዚያ ድረስ ድምፁን በዚህ ቤት እንዳልሰማ። ንገረው።»

ወርጄ የጥጉን ቧንቧ አለበስኩት። በቴፕ አይደለም፣ በሽቦ። በፒንሳ ጠምዝዤ። እስቲ አሁን ይግለጠው።

ታኅሣሥ 8

አልነካውም። ክፍሌ ሞቋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንቅልፍ ግን የለም።

ምን አስቦ መጣ? ይህን ሁሉ አገር አልፎ እኛ ሰፈር፣ ፌርፋክስ? እኔ እንዳለሁ አውቆ ነው። ጾሙስ? «ጾም ድሃን ማታለያ ነው» እያለ እናቴ ላይ ያሾፍ የነበረው እሱ አይደል? የግርማን ሆድ ለማባባት ነው።

ታኅሣሥ 12

እንቁላል ቀቅዬ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ አስቀመጥኩ። ለእሱ ነው አላልኩም፣ አይደለም አላልኩም። ማንም አያየውም። ሲርበው እናያለን።

ታኅሣሥ 13

እንቁላሉ እንዳለ ነው። ደረጃው ተጠርጓል።

ፈተና መሆኑ ገብቶት ነው። ድሮም ብልጥ ነው።

ታኅሣሥ 19

ዛሬ እረፍቴ ነው። ዝናብ። ከታች ሳል ይሰማል፣ ቧንቧው ወለሉን በሚበሳበት ቀዳዳ በኩል። አፉን በልብስ አፍኖ ነው የሚስለው፣ ያስታውቃል። እንዳልሰማው ብሎ። ሳል ድምፅ ነው ወይስ አይደለም? ምንድነው ያልኩት እኔ?

ግርማ ብርድ ልብስ ወሰደለት። አልከለከልኩም። አላቀበልኩትምም።

«ሲሚንቶው ነው የሚገድለው» አለኝ ሲመለስ። «በፊት ቧንቧው ሥር ነበር የሚተኛው።»

እናደዳለሁ። በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ግርማ እስከ ምሳ ታክሲ ላይ ነው። እኔ ዶሮ እየሠራሁ።

ከምድር ቤት የሚያወጣው የወጥ ቤት በር ተንኳኳ።

«ማነው?»

መልስ የለም።

«ማነው?»

ዝም። ከዚያ እንደገና አንኳኳ፣ በጣት ጫፍ። ያኔ ገባኝ። እንዳይናገር ስላልኩት ነው።

በሩ ጋ ቆምኩ። እናቴ ድምፅ ሰምታ ከፈተች። እኔ ምንም ሳልሰማ ልክፈት? ማንኪያው እጄ ላይ ነው፣ ወጡ መሬት ይንጠባጠባል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚተነፍሰው።

ከፈትኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ከኋላው ነው። ደረጃውን እስከ ታች አየሁት። ማንም የለም። ብቻውን ነው። አርጅቷል። ጉንጩ ገብቷል። ካርቶኑን አጣጥፎ በብብቱ ይዟል፣ ሰሃኖቹን አጥቦ ደራርቧል። እስከ ገና ብያለሁና ሊሄድ ነው። ሰሃኖቹን በሁለት እጁ አቀበለኝ። አፉን ገጥሟል። ሳሉ መጣበት። ዋጠው። ዓይኑ በእንባ ሞላ።

ይቅር አላልኩትም። የዳኛቸውን ይቅርታ የምሰጠው እኔ ማን ሆኜ? አላምነውምም። ጠላሁትም፣ አሳዘነኝም፣ ሁለቱም እውነት ነው።

በላይኛው ሰሃን ዶሮ ወጥ አወጣሁ። እንቁላልም ጨመርኩበት። መልሼ ሰጠሁት። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቼ ፒንሳውን አወጣሁ፣ ካርቶኑ እጥፋት ውስጥ ሸጎጥኩለት።

«የጥጉን ቧንቧ ግለጠው» አልኩት።

በሩን ዘጋሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ከታች ሽቦ ሲቆረጥ ሰማሁ።

ጥር 2

ከሥራ ገባሁ። ክፍሌ ቀዝቅዟል። የመኝታ ቤቱን በር ከውስጥ ቆልፌያለሁ፤ ግርማ ታዝቦኛል፣ ይታዘበኝ። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ተጋደምኩ።

እስከ ማታ ተኛሁ።